ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እስከ ሳነቴ አምባ፦ በራስ መኪና የሚደረግ የስምንት ቀን ጉዞ አዘገጃጀት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን፣ የሐዋሳን ከተማና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ካዩ በኋላ በአርሲ በኩል የሚመለሱበት ዙር፣ በራሱ መኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ አገራችን ካሏት መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ካለ ሞቃት የሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለ ውርጭ የሚጥልበት አምባ መድረስ ይቻላል፤ መንገዱም ከሳነቴ በቀር አብዛኛው አስፋልት ነው። ይህን ጉዞ የሚያበላሹት ብዙውን ጊዜ የሰውም ሆነ የመኪናው አቅም ከፍታውን ባለመቻሉና ተጓዡ መንገድ ላይ እያለ ስለሚመሽበት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሲወጣ ኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይልቅ በየቀኑ ስንት ሜትር እንደሚወጣና በስንት ሰዓት ማረፊያ እንደሚደረስ መቁጠር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህንኑ መሠረት አድርጎ ነው።

ወቅቱንና አቅጣጫውን መወሰን

ለዚህ ዙር የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። በባሌ ደጋ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ እየሄደ ስለሚቆይ፣ በክረምት የሚሄድ ሰው ጭቃና ጉም እንዲሁም ደመና የሸፈነው ተራራ ሊገጥመው ይችላል። በበጋ ደግሞ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በተለይ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር በሳነቴ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከባድ ልብስ መያዝ ያለብን በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከባዱን ለማስቀደም ብለው በመጀመሪያ ባሌን፣ በመጨረሻ ሐይቆቹን ለማየት ያቅዳሉ። እኔ ግን ሐይቆቹ ይቅደሙ እላለሁ። መኪናው የተደበቀ ጉድለት ካለበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መታየቱ ስለማይቀር፣ በዚያን ጊዜ ጋራዥና መለዋወጫ በቅርብ በሚገኝባቸው በባቱ፣ በሻሸመኔ ወይም በሐዋሳ አካባቢ መሆን ይሻላል። በተጨማሪም ከባሕረ ሰላጤ አገሮች፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጡ ዘመዶች አብረው ካሉ፣ ሰውነታቸው ደጋውን የሚለማመድበት ጊዜ ያገኛሉ።

መኪናውን ማዘጋጀት

እስከ ሐዋሳ፣ ከዚያም እስከ ጎባ ድረስ ተራ የቤት መኪና ይበቃል። ሳነቴን ለማቋረጥና ወደ ሐረና ደን ለመውረድ ግን ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቢቻል በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መኪና የሌለው ሰው ጉዞውን መተው የለበትም፤ የራሱን መኪና ሮቤ ወይም ጎባ አቁሞ ለአንዱ ቀን ብቻ ከአካባቢው መኪና ከነሹፌሩ መከራየት ይችላል።

ከመነሣት አንድ ሳምንት በፊት መኪናውን ለሚያምኑት መካኒክ ያሳዩ። በመጨረሻው ቀን ማሳየት ጥቅም የለውም፤ የተገኘውን ጉድለት ለማስጠገን ጊዜ አይተርፍምና። በመጀመሪያ የሚታየው ፍሬን ነው፤ ሸራው ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ከሳነቴ ወደ ሐረና በሚወርደው ዳገት ላይ መነዳት የለበትም። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ክፍል ይታያል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውኃ 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መፍላት ስለሚጀምር፣ ራዲያተሩ የሚያፈስ ወይም ክዳኑ የማይገጥም መኪና አዲስ አበባ ላይ ሳያስቸግር ቆይቶ እዚያ ሊጨስ ይችላል። የአየር ማጣሪያውም ይጽዳ ወይም ይቀየር፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በግልጽ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሾፌሩ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በዝግታ መውጣት ብቻ ይጠበቅበታል።

ስኮርታው ነፋሱ የተሞላ መሆኑን፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን በዓይን አይተው ያረጋግጡ፤ የጎማ መፍቻው በእርግጥ የቸርኬውን ቡሎን ይፈታ እንደሆነ ቤት እያሉ ሞክረው ይዩ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ከዲንሾ በኋላ ግን በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ ነው። ከዚህ ሌላ የመጎተቻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ የአደጋ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃና ለሰውም ለራዲያተርም የሚሆን በጀሪካን የተሞላ ውኃ ይያዙ።

ወረቀት፣ ነዳጅና የመንገዱ ጸጥታ

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በአንድ ላይ ይቀመጡ፤ መኪናው የተከራየ ወይም የሌላ ሰው ከሆነ ውል ወይም ውክልና ይጨመር። የሁሉም ተጓዥ መታወቂያ በቅርብ መያዝ አለበት፤ ኬላ ላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሊነዳ ካሰበ፣ የያዘው መንጃ ፈቃድ በአገር ውስጥ የሚጸናበትን መንገድ ፈቃድ ሰጪውን አካል አስቀድሞ ይጠይቅ።

የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ እንዲሆን ስለተደረገ፣ በቴሌብር ወይም ማደያው በሚቀበለው ሌላ መንገድ በቂ ገንዘብ መኖሩንና ስልኩ ባትሪ እንዳለው ያረጋግጡ። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል መቅዳት በዚህ ጉዞ አይሠራም፤ አንዱ ማደያ ቢደርቅ ወይም ሰልፉ ቢረዝም ወደ ቀጣዩ ለመድረስ እንዲቻል፣ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ልማድ ይሁን። በሐዋሳ ወይም በሻሸመኔ፣ ቀጥሎም በሮቤ ሳይሞሉ አይለፉ። ለፓርክ መግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለትንንሽ ወጪዎች ጥሬ ገንዘብም ያስፈልጋል፤ በተራራው ላይ ኔትወርክ በሁሉም ስፍራ አይገኝምና።

ጸጥታን በተመለከተ፣ የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከመነሻ በፊት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ጠዋት በሚቀጥለው ከተማ ያለን ሆቴል፣ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና በመንገዱ የሚመላለሱ ሹፌሮችን መጠየቅ ግዴታ ነው። «ዛሬ አትሂዱ» ያሉ እንደሆነ አይከራከሩ፤ ሐዋሳ ላይ አንድ ቀን መጨመር ወይም ከሐይቆቹ ወደ ቤት መመለስ ምንም ነውር የለበትም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማረፊያ መድረስ፣ ቢዘገይ እንኳ ከ11 ሰዓት አለማለፍ የዚህ መመሪያ ጽኑ ሕግ ነው። ከመሸ በኋላ ከብት፣ ጋሪ፣ መብራት የሌለው አይሱዙና በመንገዱ ዳር የሚሄድ እግረኛ በአንድ ላይ ይገጥማሉ፤ የቱንም ያህል ጥሩ ሾፌር ቢሆኑ ማየት አይቻልም።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቀን፦ ከአዲስ አበባ በላንጋኖ ወደ ሐዋሳ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባው ቱሉ ዲምቱ ይጀምራል፤ ቢሾፍቱ ላይ ወጥተው በሆራ ወይም በባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቁርስ መብላት ለልጆች ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው የፍጥነት መንገድ በመቂ በኩል ወደ ባቱ ያደርሳል። በፍጥነት መንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ አደገኛ ስለሆነ፣ የጎማውን ነፋስ ጠዋት ሳይሞቅ ያስለኩ።

ባቱ ላይ ደንበል ሐይቅ ይገኛል። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከእነዚህ ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም መገኛ ሲሆን፣ የዛይ ሕዝብ ለዘመናት የኖረው በእነዚሁ ደሴቶች ላይ ነው። ወደ ቱሉ ጉዶ መሄድ ቀኑን ስለሚወስድ በዚህ ዕቅድ አልተካተተም፤ ጉማሬና ወፎችን ለማየት በዳርቻው አጭር የጀልባ ጉዞ ይበቃል። ማደሪያውን ላንጋኖ ያድርጉ። የላንጋኖ ውኃ ደፍራሽ ቢመስልም ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው፤ በደንበልና በሐዋሳ ሐይቆች ግን ቢልሃርዚያ ስላለ አይዋኙ፣ ልጆችንም ዳር ዳሩን እንዲንቦራጨቁ አይፍቀዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዋናውን መንገድ ተሻግረው ወደ አብያታ–ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይግቡ። እዚህ ትንሽ መቆየት ይገባል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው፤ አጠገቡ ያለው አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ ገባሮቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ በመሳቡ በእጅጉ ሸሽቷል። በወጣትነታቸው ያዩት ሰዎች ዛሬ ዳርቻውን ለይተው ማወቅ ይቸገራሉ፤ ይህን ለልጆች በዓይን ማሳየት ብቻውን ለጉዞው በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ጥንቃቄውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ ውኃው የሸሸበት ነጭ ሜዳ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ረግረግ ስለሆነ መኪና በፍጹም አይንዱበት፤ ከመንገዱ ጫፍ በእግር ይሂዱ። ሻላ ዳር ያሉት ፍል ውኃዎችም ሥጋ የሚቀቅሉ ስለሆኑ የልጆችን እጅ ይያዙ። ከዚህ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠውን ከሰል አይግዙ፤ የፓርኩ ግራር ያለቀው በዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻሸመኔን አልፈው ሐዋሳ ይገባሉ። ሻሸመኔ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው በአንድ መንገድ የሚገናኙባት መስቀለኛ ከተማ ስለሆነች ዝግ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀን፦ ሐዋሳ

ይህ ቀን ለሾፌሩ ዕረፍት የተተወ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳዎችም የተጣለውን ሲሻሙ ይዩ፤ የዓሣ ሾርባና ጥብስ እዚያው ይበላሉ። ጥሬ ዓሣ ለለመደ ሰው የሚጣፍጥ ቢሆንም፣ ነገ ወደ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ሆዱን አደጋ ላይ ባይጥል ይመረጣል። ጀልባ የሚሳፈሩ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ጉማሬ አጠገብ እንዲወስዱዎም አይገፋፉ። ከሰዓት በኋላ መኪናውን ጋራዥ አስገብተው በሁለቱ ቀናት የሰሙት ድምፅ ወይም ያዩት ፍሳሽ ካለ ያስመርምሩ፤ ነዳጁንም ይሙሉ።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን፦ ወደ ባሌ

ከሐዋሳ እስከ ዲንሾ ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አምስት ሰዓት ይያዙለት። ከሻሸመኔ በስተምሥራቅ መንገዱ በኮፈሌ እንሰትና ገብስ መካከል እያቋረጠ ወደ ዶዶላና አዳባ ይወጣል። ይህ የከብትና የፈረስ አገር ነው፤ በገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በእንስሳ ይሞላል፤ መለከት እየነፉ ከመጋፋት ይልቅ ቆሞ ማሳለፍ ይገባል። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ሕፃናት «ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ ባዶ ጠርሙስም ሆነ ከረሜላ ከሚሄድ መኪና አይወርውሩ። ያንን ለመሻማት ሲሉ ከኋላ በሚመጣው መኪና ሥር የሚገቡት እነዚያው ልጆች ናቸው። መስጠት የፈለገ ሰው ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይስጥ። እንስሳ የተገጨ እንደሆነ ደግሞ ቆሞ ባለቤቱንና ሽማግሌዎችን ማነጋገር፣ ለፖሊስም ማሳወቅ ተገቢ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ዋናው ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያውን የሚፈጽሙትና አስጎብኚ የሚይዙት እዚያ ነው፤ ደረሰኙን ለሳነቴ መግቢያም ስለሚጠየቁበት አይጣሉ። ድሮን ይዘው አይምጡ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም።

ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የአዲስ አበባ ነዋሪ እዚያው ማደር አያቅተውም፤ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው አብሮ ካለ ግን፣ ለመጀመሪያው ሌሊት ወደ 2,500 ሜትር ዝቅ ወደምትለው ሮቤ መውረድ ይሻላል። በማግስቱ በማለዳ ወደ ጋይሳይ ሣር ሜዳ ይመለሱ። የደጋ አጋዘን በመንጋ የሚታየው እዚህ ነው፤ በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉ የኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም። ከርከሮ፣ ቦሆርና የምኒልክ ድኩላም ይታያሉ። አስፋልቱ የሜዳውን ጠርዝ ተከትሎ ስለሚያልፍ ፍጥነት መቀነስ የእንስሳቱ ሕይወት ጉዳይ ነው። ከዚያ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ደን ውስጥ በእግር መንሸራሸር ሳምባን ለነገው ያዘጋጃል። ማታ ጎባ ይደሩ፤ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ስድስተኛው ቀን፦ ሳነቴ

የጉዞው ዋና ቀን ይህ ነው፤ የሚያስፈልገው ዝግጅትም ከሁሉም ይበልጣል። ሕጉ ከፍታ ላይ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ነው፤ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ስትሆን ሳነቴ ከ3,800 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በአንድ ጠዋት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ከመነሻው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ሲበረቱ ብቸኛው አስተማማኝ መድኃኒት ወደ ታች መውረድ ነው። እስኪ ትንሽ እንየው ብሎ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ፤ ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ አረቄና ቢራ ለዚያ ቀን ይቅሩ። ፀሐዩ ሳይሞቅ ስለሚያቃጥል ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ምሳ በስሎ ይያዝ፤ እዚያ ላይ ድንች ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜ ያሰለቻል።

ከጎባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። የጠጠሩ መንገድ በጥድና በኮሶ መካከል፣ ከዚያም በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ እያለፈ ወደ ገላጣው አምባ ይወጣል፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መታየት ሲጀምሩ ሳነቴ ደርሰዋል ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ዋና ምግቡ የሆኑት አይጦችና በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል በቀን ስለሚወጡ፣ ረፋዱ ለማየት የተሻለ ሰዓት ነው። መኪናውን በመንገዱ ላይ አቁመው ሞተሩን ያጥፉና በዝምታ ይጠብቁ። ከመንገዱ ወጥቶ መንዳት የፍልፈሉን ጉድጓድ ስለሚደረምስ የተከለከለ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። በጣም የጎዳቸው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የተነሡት ወረርሽኞች ብዙዎቹን ፈጅተዋል። ስለዚህ ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት፣ የምግብ ትርፍራፊ መጣልና ቀበሮውን ለፎቶግራፍ በምግብ ማባበል ከባድ ጥፋት ነው። እንዲህ የሚያደርግ መንገደኛ ካዩ ለመናገር አይፈሩ፤ እንስሳው የእኛው ነው፤ ሌላ አገር የለውም።

አየሩ ጥርት ያለና ሰዉ ደህና ከሆነ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተራራ የሚወጣውን መንገድ መሞከር ይቻላል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ጫፍ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይቀጥሉ። አምባው ድንገት ያበቃና መንገዱ በጠመዝማዛ ዳገት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ሲወርዱ ሁለተኛ ወይም አንደኛ ማርሽ ይዘው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ያድርጉ፤ ፍሬን ላይ እግርን ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የሚወጣ መኪና ሲመጣ ቅድሚያ ይስጡ። ሪራ መንደር ላይ ቆመው ማር መግዛትና ከደኑ የተለቀመ ቡና መጠጣት ይቻላል፤ ጉሬዛም በዛፎቹ ላይ ይታያል። መንገዱ እስከ ደሎ መና የሚዘልቅ ቢሆንም ለዚህ ዕቅድ መመለሻው እዚሁ ነው፤ ደመናው አምባውን ሳይሸፍነው ከ8 ሰዓት በፊት ሽቅብ ይነሡ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን፦ በአርሲ በኩል መመለስ

ከጎባ እስከ ዶዶላ በመጣንበት መንገድ ተመልሰን፣ ዶዶላ ላይ ወደ ሰሜን በመታጠፍ በአሳሳና በቆጂ በኩል ወደ አሰላ እንሄዳለን። በበጋ መጀመሪያ የስንዴና የገብስ አጨዳ ስለሚኖር ኮምባይነር በመንገዱ ላይ ሊገጥም ይችላል፤ ለመቅደም አይቸኩሉ። በቆጂ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት፤ ልምምድ ላይ ያሉ ወጣቶች በመንገዱ ዳር ስለሚሮጡ ሰፊ ርቀት ይተዉላቸው። አሰላ ላይ ያድራሉ።

በመጨረሻው ቀን ከአሰላ እስከ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ፍሬኑን ጠዋት ይፈትሹ። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ተነሥተው የከተማው መጨናነቅ ሳይጀምር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የአዲስ አበባውን ቱሉ ዲምቱ ማለፍ ይሻላል። በማግስቱ መኪናውን ከሥር በኩል በደንብ ያሳጥቡ፤ ከአብያታ የተነሣው የሶዳ አቧራ ብረት ይበላል። የአየር ማጣሪያውን ያስነፉ፤ የፍሬን ሸራውን እንደገና ያስለኩ፤ በጎማዎቹ ጥርስ መካከል የተሰካ ጠጠር ካለ ያስነቅሉ።